ሻዩን ዛሬውኑ ተይው

«እትዬ፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 7 ወሬ ነው፣ አሁንም አጠባለሁ። ከማርገዜ በፊት 62 ኪሎ ነበርኩ፣ ዛሬ 76 ነኝ። ከፋሲካ በኋላ እህቴ ስታገባ ሚዜ ነኝ። የባለቤቴ ዘመዶች ባዩኝ ቁጥር ‹ምነው እንዲህ ሆንሽ?› ይሉኛል። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ፤ ማታ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ እጠጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ፣ ወዲያው ተመለሰ። አሁን ብድግ ስል ያዞረኛል፣ ወተቴም የቀነሰ ይመስለኛል። ምን አጠፋሁ?»
ሚዜዋ፣ ከአዳማ

ውድ ሚዜዋ፣

ከሁሉ በፊት ማዞሩ። የምታጠባ ሴት ባዶ ሆዷን እየዋለች ሲያዞራት የደም ማነስም የፈሳሽ እጥረትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን አስመርምሪ። የታይሮይድ ምርመራም ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከወሊድ በኋላ ይህ ዕጢ የሚዛባባቸው እናቶች አሉ፣ ክብደትንም ይነካል። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጊ ከሆነ ንገሪያቸው። አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል፤ ምትክ ሳታገኚ ግን እንዳታቋርጪ።

ሻዩን ለመተው ሐኪም እስክታዪ አትጠብቂ። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ሰናመኪ አለባቸው፤ እናቶቻችን ለሆድ ድርቀት የሚያውቁት ቅጠል ነው። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበላሽው ምግብ ኃይል ግን ከዚያ በፊት፣ ገና ትንሹ አንጀት ላይ፣ ወደ ሰውነትሽ ገብቷል። ያስወጣሽ ውኃ ነው፤ 3 ኪሎውም ቶሎ የተመለሰው ለዚህ ነው። የማቅጠኛ እንክብል ቢያቀርቡልሽም አትንኪ። ሲቡትራሚን የሚባለው መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። አንቺ የምትወስጂው ደግሞ ለልጅሽም ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ምግቡ። የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። አንቺ እስከ 9 ሰዓት ባዶሽን ስትውዪ ሰውነትሽ ያንን ዕዳ ማታ በአንድ ጊዜ ይጠይቅሻል፤ ያኔ ከፊትሽ ያለውን ሁሉ ብትበዪ ስስት አይደለም፣ ራስሽን አትውቀሺ። የጾም ምግብ አያወፍርም የሚባለውንም እርሺው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ቁሌቱ ስንት ማንኪያ እንደሚጠጣ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሳምቡሳና ዳቦ ሲጨመርበት የጾሙ ማዕድ ከፍስኩ ሊበልጥ ይችላል። ቡናውንም አስቢው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባበት በድምሩ ወደ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው፤ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይላል። ቡናውን ጠጪ፣ ስኳሩን አሳንሺ።

ነፍስ አባትሽን አነጋግሪ፤ እያጠባሽ መሆንሽንና ማዞሩን ንገሪያቸው። ከፈቀዱልሽ ጠዋት የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ ወይም ቅንጬ ብዪ። ምሳሽና እራትሽ ላይ እንጀራውን ቀንሰሽ ምስሩን፣ ሽሮውንና ጎመኑን አብዢ፤ ምስርና ሽሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻሽንም ይጠብቃል። የሆድ ማሰሪያ ቅርጽ ያሳያል እንጂ ስብ አይቀንስም። ማዞሩ ሲተውሽ ልጁን አዝለሽ በእግርሽ ሂጂ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ለጅምሩ ይበቃል። ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ብቻ ውጪ፤ በወር አበባ ሰሞን ውኃው ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ሊያዛባው ይችላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደልሽ መልካም ነው። 14ቱ ኪሎ ለሠርጉ አይደርስም፣ እንዲደርስም አትሞክሪ። የሚዜውን ቀሚስ ልብስ ሰፊው ዛሬ ባለሽ ሰውነት ይለካው።

ለዘመዶቹ መልስ መስጠት ያለበት ባለቤትሽ ነው። ያንቺ ወዝና ጉልበት እየሄደ ያለው ለልጁ ነውና፣ «ተዉአት፣ እያጠባች ነው» ይበላቸው። ይህን ደብዳቤ አሳዪው።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የሻዩን ካርቶን ይዘሽ ሂጂ፤ ምን እንዳለበት አይተው ይንገሩሽ።