የንግድ ቤት መዝገብ ሲዘረፍ የባንክ ካርድን ስለ መጠበቅ

ለዋግ ኽምራ ነጋዴዎችና የባንክ ደንበኞች የቀረበ ትምህርት

በቀድሞ ዘመን በሰቆጣ ገበያ ለመገበያያ ያገለግል የነበረው ገንዘብ ዓይን የሚያየውና እጅ የሚመዝነው ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦና በጋማ ከብት ተጭኖ ወደ ዋግ ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ ጫፉ ከተሰበረ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ማርያ ትሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብር የሚቀበል ነጋዴም በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቍ ሳይቈጥርና ብሩን አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም ነበር። ሌባም ገንዘቡን ለመውሰድ የግድ ወደ ገንዘቡ መቅረብ ነበረበት።

ዛሬ የፍየልና የበግ፣ የማርና የእህል ዋጋ፣ እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የሚልከው ገንዘብ በባንክ ሒሳብ፣ በካርድና በስልክ ይተላለፋል። ይህ ለንግድ ትልቅ ምቾት ያመጣ ሲሆን፣ ከምቾቱ ጋራ አዲስ አደጋ ደርሷል። ይኸውም ባለገንዘቡ ካርዱን በኪሱ ይዞ በሰላም ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ቀን ዕቃ ከገዛበት ንግድ ቤት የደንበኞች መዝገብ ተሰርቆ የካርዱ ቁጥርና የስልኩ ቁጥር በማያውቀው ሰው እጅ ሊገባ መቻሉ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ባለ ካርዱም ሆነ ነጋዴው ምን ማድረግ እንደሚገባው ማወቅ ያስፈልጋል።

1. በአንድ ታላቅ የንግድ ቤት የደረሰው ጉዳት

በዓለም ላይ ከደረሱት የዚህ ዓይነት ዘረፋዎች እጅግ ከታወቁት አንዱ በአሜሪካ በታርጌት የንግድ ድርጅት ላይ የደረሰው ነው። ዘረፋው ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የበዓል ገበያ በደራበት ወቅት ተፈጸመ። ሌቦቹ በየሱቁ ባሉት የሒሳብ መቀበያ ማሽኖች ውስጥ ስውር ፕሮግራም አስገብተው ደንበኛው ካርዱን ባሳለፈ ቁጥር የካርዱን ቁጥር ይቀዱ ነበር። በዚህም የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች ቁጥር ተወሰደ፤ በተጨማሪም የ70 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ አድራሻና የስልክ ቁጥር የያዘ መዝገብ ተሰረቀ። ድርጅቱ ጉዳዩን ለሕዝብ ያስታወቀው ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር። ከዓመታት በኋላም፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ለ47 ግዛቶችና ለዋና ከተማው አስተዳደር 18.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ሌቦቹ የገቡት በድርጅቱ ዋና በር አለመሆኑ ነው። የገቡት ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ ለነበረ ተቋራጭ የተሰጠውን የመግቢያ ቃል ሰርቀው ነው። ሁለተኛው፣ ከካርዶቹ ቁጥር ይልቅ የስምና የስልክ መዝገቡ መብዛቱ ነው። ካርድ ቢሰረዝ ቁጥሩ ከንቱ ይሆናል፤ ስምና ስልክ ግን በቀላሉ አይለወጡም፤ ለማታለልም ለረጅም ጊዜ ያገለግላሉ።

2. በካርዱ ላይ ካለው ቁጥር ምን ያህሉ ምስጢር ነው

ባለ ካርዱ ራሱን ለመጠበቅ አስቀድሞ የካርዱን ቁጥር አሠራር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በካርዱ ፊት በአብዛኛው 16 አኃዞች ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አኃዞች ካርዱን ያወጣውን ባንክ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ስለዚህ የዚያ ባንክ የአንድ ዓይነት ካርድ ለያዙ ሰዎች ሁሉ አንድ ናቸው። የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች ደግሞ ብዙ ጊዜ በደረሰኝ ላይ ይታተማሉ። የመጨረሻው አኃዝ የሌሎቹን ትክክለኛነት በስሌት ለመፈተን የተጨመረ እንጂ ስለ ባለቤቱ የሚገልጸው ነገር የለም።

እንግዲህ ከ16ቱ አኃዞች መካከል 10 ወይም 12 የሚሆኑት፣ የባንኩን ስም ያወቀና የተጣለ ደረሰኝ ያነሣ ሰው ሊያውቃቸው የሚችል ናቸው። ከዚህም የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የካርዱን ቁጥር መጀመሪያና መጨረሻ በስልክ የሚያነብ ሰው የባንክ ሠራተኛ መሆኑን ያረጋገጠ አይደለም። መዝገብ ከተሰረቀ በኋላ ቁጥሩን በሙሉ ቢያነብም እንኳ የሚያረጋግጠው ቁጥሩን ማግኘቱን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚለዩት ምስጢሮች ሦስት ናቸው። እነርሱም ፒን የሚባለው የምስጢር ቁጥር፣ በካርዱ ጀርባ ያሉት 3 አኃዞችና ባንኩ በስልክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ናቸው። በኢንተርኔት ግዢ በሚፈቅድ ካርድ ላይ የካርዱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና የጀርባው 3 አኃዞች ከተገኙ፣ አንዳንድ ሻጭ ሌላ ማረጋገጫ ሳይጠይቅ ሊያስተናግድ ይችላል። በኤቲኤም ገንዘብ ለማውጣት ግን ካርዱና ፒኑ ያስፈልጋሉ። የካርዱ ቺፕ በቀላሉ አይቀዳም፤ በጀርባው ያለው ጥቁር የማግኔት መስመር ግን ሊቀዳ ይችላል።

በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚታየው የሒሳብ ቁጥር ከዚህ የተለየ ነው። የሒሳብ ቁጥር ገንዘብ ለማስገባት ያገለግላል፤ ገንዘብ ለማውጣት ግን ምስጢሩን ይጠይቃል።

3. ከዘረፋው በኋላ የሚመጣው የስልክ ጥሪ

የሰረቀው መዝገብ ምስጢሩን የማይሰጠው ሌባ፣ ምስጢሩን ከባለቤቱ አፍ ለማግኘት ይጥራል። ደውሎም ደንበኛውን በስሙ ይጠራዋል፤ በየትኛው ቀን ከየትኛው ሱቅ እንደ ገዛ ይነግረዋል፤ «ካርድዎ ተሰርቋል፤ ሒሳብዎን ለመጠበቅ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። የተናገረው ነገር ሁሉ እውነት ስለሚመስል ደንበኛው ይደነግጣል። በዚያው ቅጽበት የሚደርሰው የማረጋገጫ ቁጥር ግን ሒሳቡን የሚጠብቅ ሳይሆን፣ ሌባው የጀመረውን የገንዘብ ማስተላለፍ የሚፈጽም ነው።

የዚህ ማታለያ ጉልበቱ ጥድፊያ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተነገረ ቁጥር ተመልሶ አይለቀምም። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ፒን ወይም የማረጋገጫ ቁጥር አይጠይቅም። ስለዚህ ጥሪው ምንም ያህል ትሕትና ቢኖረው ስልኩን ዘግቶ፣ ባንኩ ራሱ ባስታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል ይገባል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደንበኞች መጠየቂያ ቁጥር 951 ነው። የደወለው ሰው በሰጠው ቁጥር መልሶ መደወል ግን ወደዚያው ሰው መመለስ ነው።

በዋግ ገጠር ይህ ነገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኽምጣኛ የሚናገሩ ብዙ አረጋውያን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚመጣላቸውን አጭር መልእክት ራሳቸው አያነቡትም፤ ለሚያነብላቸው ሰው ስልካቸውን ይሰጣሉ። ፊደል ያለማወቅ ነውር አይደለም፤ አደጋው አንባቢው የዕለት እንግዳ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ አንድ የታመነ አንባቢ አስቀድሞ ቢመርጥና በኤቲኤም ፊት ካርድን ለማያውቁት ሰው ከመስጠት ቢቈጠብ መልካም ነው።

4. ባለ ካርዱ ሊፈጽመው የሚገባው

የተገበያየበት ንግድ ቤት መዝገብ መሰረቁን የሰማ ሰው የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይፈጽም።

ሀ/ ካርዱን ላወጣው ባንክ ወዲያው ደውሎ ካርዱ እንዲታገድና በአዲስ ቁጥር እንዲተካለት ይጠይቅ። ካርድ ሲለወጥ ሒሳቡ አይዘጋም፤ በሒሳቡ ያለው ገንዘብም አይነካም። በኢትስዊች አማካይነት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም ስለሚሠራ፣ ከሰቆጣ የተወሰደ ካርድ ፒኑ ከታወቀ በአዲስ አበባ በሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ሊያስወጣ ይችላል። የሚደወለው ግን ለማሽኑ ባለቤት ሳይሆን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው።

ለ/ ፒኑን ይለውጥ። የልደት ዓመትን፣ የስልክ ቁጥርን መጨረሻ ወይም እንደ 1234 ያለውን ቁጥር አይምረጥ። የካርዱን፣ የስልኩንና የቴሌብርን ምስጢር ቁጥር አንድ ዓይነት አያድርግ፤ አንዱ ቢታወቅ ሦስቱም ይከፈታሉና።

ሐ/ የሒሳቡን እንቅስቃሴ በወረቀት አስወጥቶ እያንዳንዱን ወጪ ይመርምር። ትንሽ ወጪን አይናቅ፤ ሌባ ካርዱ መሥራቱን በጥቂት ገንዘብ ፈትኖ ወደ ብዙው ሊሄድ ይችላልና። ባንኩ በየወጪው አጭር መልእክት እንዲልክለትም ያድርግ።

መ/ ያመለከተበትን ቀን፣ ሰዓትና የተሰጠውን የማመልከቻ ቁጥር ጽፎ ይያዝ። ከዝቋላ፣ ከደሃና ወይም ከጋዝጊብላ የሚመጣ ሰው ወደ ቅርንጫፉ እስኪደርስ ቀን ሊያልፍበት ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በስልክ ማስታወቅ፣ ኋላም በገበያ ቀን በአካል ቀርቦ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይሻላል።

ሠ/ የስልክ ቁጥሩንም ይጠብቅ። በተራራማ አገር መረብ መጥፋቱ እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ የጎረቤት ስልክ እየሠራ የራሱ ብቻ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ ሌላ ሰው በስሙ ሲም ካርድ አውጥቶ ይሆናልና፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በሌላ ስልክ ወደ 994 ደውሎ ይጠይቅ።

የፈጥኖ ማስታወቅን ዋጋ የሌላ አገር ሕግም ያሳያል። በአሜሪካ የሒሳብ ካርዱ መጥፋቱን ያወቀ ሰው በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካስታወቀ የሚደርስበት ኪሳራ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሒሳብ መግለጫው ከተላከለት ከ60 ቀን በኋላም ዝም ካለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ሁሉ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ አገር ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቢያሳስበው ይጠቅመዋል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ባንኩ ችግሩ ከውጭ ጥቃት ሳይሆን ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ የመጣ መሆኑን ገልጾ፣ ያለ አግባብ የተንቀሳቀሰው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። የእያንዳንዱ ወጪ ባለቤት በመዝገቡ ይታወቅ ስለ ነበረ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ሌባ የሰውን ምስጢር አግኝቶ ሲጠቀም ግን መዝገቡ የሚያሳየው ባለቤቱ ራሱ እንዳዘዘ አድርጎ ነው። የተታለለ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የነጋዴው ግዴታ

የሌለ መዝገብ አይሰረቅም። ስለዚህ ነጋዴው ለሥራው የማያስፈልገውን ነገር አያስቀምጥ። የሽያጩን መጠን፣ ቀኑንና የደረሰኙን ቁጥር መያዝ ይበቃዋል። የደንበኛን ካርድ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ፒኑን በደብተር መጻፍ ወይም የጀርባውን 3 አኃዞች ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። የዓለም አቀፍ የካርድ ሥራ ደንብም ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ፒንንና የጀርባውን አኃዞች ማስቀመጥን ይከለክላል።

የፖስ ማሽኑ ወደ ደንበኛው ይቅረብ እንጂ ካርዱ ወደ ጓዳ አይሂድ፤ ፒኑንም ደንበኛው ራሱ ይንካ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ የመግቢያ ቃል ይሰጠው፤ ሥራ የለቀቀው ወዲያው ይሰረዝበት። የታርጌት ዘረፋ በተቋራጭ በኩል መግባቱን በማስታወስም፣ ኮምፒውተር ለሚጠግን ወይም ሱቁን በእንግድነት ለሚረዳ ሰው የሽያጭ መዝገቡን ከፍቶ አለመተው ይገባል። አሮጌ ስልክ ከመሸጡ በፊት የደንበኞች ስምና መልእክት ይደምሰስ።

የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በአግባቡ እንዲጠብቅ ያዛል። ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ መረጃ ሲዘረፍ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ነጋዴውም ለባንኩና ለደንበኞቹ ምን እንደ ተወሰደ፣ መቼ እንደ ተወሰደና ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በግልጽ ይንገር። ዘረፋን መደበቅ ስምን የሚጠብቅ ቢመስልም፣ ደንበኛው ካርዱን ለማገድ የነበረውን ጊዜ ለሌባው ማስረከብ ነው።

6. ማጠቃለያ

የካርድ ቁጥር ከባለቤቱ ጥፋት ውጭ ሊሰረቅ ይችላል፤ ቢሰረቅም በአዲስ ይተካል። ፒንና የማረጋገጫ ቁጥር ግን በባለቤቱ እጅ ያሉ ናቸው። እነዚህን ለማንም ያልሰጠ፣ የዘረፋ ወሬ እንደ ሰማ ለባንኩ የደወለና ሒሳቡን በየጊዜው የሚመረምር ሰው ከጉዳቱ አብዛኛውን ያስቀራል። ነጋዴውም የደንበኛውን መረጃ እንደ አደራ ዕቃ ቢጠብቅ፣ በዋግ ገበያ ላይ ከብር ሁሉ የሚበልጠውን መተማመን ይጠብቃል።