ደብተር ይዞ ማስተንተን

 

ሐይቅ ከተማ ያደገ ልጅ የሾላ ዛፍ ስንቴ አይቷል? ቅጠሉን ሳል ቢባል ግን እጁ ይቆማል። ዐይናችን ያልፍበታል እንጂ አያርፍበትም። በሱረቱል ሙልክ (67፥3-4) አላህ ፍጥረቱን አንዴ አይተን እንድናልፍ ሳይሆን ዐይናችንን ደጋግመን እንድንመልስ ያዘናል። እርሳስ ደግሞ መመለስን ያስገድዳል፦ የቅጠሉ ጠርዝ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ መጋዝ? ጅማቱ ከየት ይነሳል?

ይህን ቀደምቶቻችን ሠርተውታል። በ7ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ረሺዱዲን አስ-ሱሪ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ሲጽፍ፣ ቀለም የያዘ ሰዓሊ አስከትሎ የሊባኖስን ተራሮች ይወጣ ነበር። አንዱን ተክል ሲበቅል፣ ሲጎመራና ሲደርቅ ለየብቻ ያስለዋል። ፈላጊው በየትኛውም ወቅት ቢያገኘው እንዲለየው ነው። ይህን የነገረን የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ነው።

«ሥዕል ሐራም አይደል ወይ?» የምትሉ አላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መተዳደሪያዬ ሥዕል ነው ላላቸው ሰው፣ የግድ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲስል መክረውታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ቅጠል፣ ድንጋይ፣ የአምባሰል ተራራ፣ ደመና ሁሉ ክፍት ነው። ወፉን በቃል ጻፉት፦ ስንት ነበሩ? በስንት ሰዓት? ምን ለቀሙ? በበኩሌ፣ በቃል የተጻፈ ወፍ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ የበለጠ ይነግራል።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃውን መዝግቡ። አላህ ውሃን በልክ እንዳወረደ፣ ሊያስወግደውም ቻይ እንደሆነ በሱረቱል ሙእሚኑን (23፥18) ነግሮናል። ሐይቃችን ገባር አለው እንጂ በገጽ የሚታይ መውጫ የለውም። ዝናቡም፣ ትነቱም፣ የእኛ አጠቃቀምም ዳርቻው ላይ ይነበባል። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም ደርቆ ሰው ሜዳውን አይቷል። ውሃው በአንድ ሌሊት አልሄደም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲሸሽ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ከዐስር በኋላ ዳርቻው ላይ የማይነቃነቅ አንድ ቋጥኝ ምረጡ። ከእሱ እስከ ውሃው ጫፍ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ፤ በየጁምዓው ድገሙት። ቀኑን በሂጅራም በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ጻፉ፤ የሂጅራ ወር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ክረምትና በጋን ብቻውን አያሳይም። በሳምንቱ ዘንቦ ከነበረም አክሉበት።