ለአቅመ አዳም በአንድ ምሽት

ረጅም ልቦለድ ልጁን ከጡት እስከ ጢም ይከተለዋል። አጭር ልቦለድ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ምሽት ነው። ታዲያ ልጅ በአንድ ምሽት እንዴት ለአቅመ አዳም ይደርሳል? እስቲ ሳንቲም እንቁጠር።

አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ በ1914 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የደብሊን ሰዎች» ውስጥ «ዓረቢ» የምትባል ታሪክ አለች። ስሙ ያልተነገረን ልጅ የጓደኛውን እህት ወዷል። እሷ መሄድ ካልቻለችበት ባዛር ስጦታ ሊያመጣላት ቃል ይገባል። ገንዘብ የሚሰጠው አጎቱ ግን ነገሩን ረስቶ አምሽቶ ይመጣል። ልጁ ሁለት ሽልንግ ጨብጦ በባቡር ይሄዳል፤ ሲደርስ ባዛሩ ሊዘጋ ነው። በ6 ፔኒ የሚገባበትን በር ፈልጎ ያጣና እንዳይዘጋበት ፈርቶ አንድ ሙሉ ሽልንግ፣ ማለትም 12 ፔኒ፣ ከፍሎ ይገባል። ጆይስ ምንም አያብራራም። በእኔ ንባብ ግን ልጁ ድንበሩን የተሻገረው እዚያች በር ላይ ነው፤ የልጅ መግቢያ አጥቶ የአዋቂ ዋጋ ከፈለ።

ውስጡ ጨልሟል። ሻጯ ከሁለት ወጣቶች ጋር እየተሳሳቀች ለወጉ ያህል ምን እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች። ምንም አይገዛም። ኪሱ ውስጥ ሁለቱን ፔኒዎች ባለ 6 ፔኒዋ ሳንቲም ላይ ይለቃቸዋል፤ ከጉዞውና ከመግቢያው የቀረው ይኸው ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ ዐይኑ በሐዘንና በንዴት ይቃጠላል። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም፤ ራሱን አየ እንጂ። የልጅነት ታሪክ የምትጽፉ ወጣቶች፣ እባካችሁ «ያን ቀን ወንድ ሆነ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዟትና ሳንቲሞቹን አሰሙን።

የአሜሪካዊው ሪቻርድ ራይት ሂሳብ ደግሞ ይከብዳል። በ1961 እ.ኤ.አ. በታተመ መድበል ውስጥ በወጣው «ወንድ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሰው» ዴቭ የ17 ዓመት ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ነው። ሽጉጥ ከያዝኩ እከበራለሁ ብሎ በ2 ዶላር አሮጌ ሽጉጥ ይገዛል። ጠመንጃ የወንድ ጌጥ ሲባል ሰምተን ላደግን ሰዎች ይህ ምኞት ሩቅ አይደለም። ሲሞክረው የነጩን አሠሪውን በቅሎ ይገድላል። ሰዉ ይስቅበታል፤ ዕዳው 50 ዶላር፣ በወር 2 ዶላር ይከፈላል፤ 25 ወር ማለት ነው። ዴቭ ግን በሌሊት የሚያልፍ ባቡር ላይ ዘሎ ይጠፋል። ሽጉጡ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥይት የለውም።