በቤቱ ላይ የተሾመ ባሪያ (ከአንድ አባት የጾም ሳምንት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐቢይ ጾም 55 ቀን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሳምንቶቹም ስም አላቸው፤ ዘወረደ፥ ቅድስት፥ ምኩራብ፥ መፃጉዕ፥ ደብረ ዘይት፥ ገብር ኄር፥ ኒቆዲሞስ፥ ሆሣዕና እያልን እንቆጥራቸዋለን። እሑድ እሑድ ወንጌሉ ሲነበብ፥ ስብከቱ ሲሰበክ እንሰማለን። ሰኞ ሲመጣስ? ብዙ ጊዜ ስብከቱ እዚያው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይቀርና እኛ ብቻችንን ወደ ቤታችን እንገባለን። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት እሑድ የሰማነው ቃል እስከ ማዕዳችን ድረስ ተከትሎን ሲመጣ ምን እንደሚሆን ነው። ሊቅ ሆኜ አይደለም። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፥ ትንሹ አምስት። ከደብረ ዘይት እሑድ እስከ ገብር ኄር እሑድ በቤቴ የሆነውን እነግራችኋለሁ። ምናልባት ከእናንተ ቤት ጋር የሚመሳሰል ነገር ታገኙበት ይሆናል።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው። በዚያን ዕለት የሚነበበው ወንጌል ስለ ጌታችን ዳግም ምጽአት የሚናገረው ነው (ማቴ. 24)። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ጌታው በቤተ ሰዎቹ ላይ የሾመው ልባም ባሪያ ይነሣል፤ ሥራውም ለቤተ ሰዎቹ ምግባቸውን በጊዜው መስጠት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ስለ ጳጳሳትና ስለ ካህናት ብቻ የተነገረ መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ሰኞ ጠዋት ልጄ «አባዬ፥ ዶሮዋ እንቁላል መጣል የምታቆመው መቼ ነው? እሷ አትጾምም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓት ረፍዶብኝ ስለነበር «በኋላ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ። ማታ ስገባ ረስቼዋለሁ። ማክሰኞም እንደዚያው። በእጄ ስልክ ይዤ ነበር፤ ሁለት ጊዜ «አባዬ» አለችኝ፥ ሁለት ጊዜ «እሺ» አልኳት፤ ያለችውን ግን አልሰማሁም። እግዚአብሔር በኦሪት ትእዛዙን ለልጆቻችን እንድናስተምር ሲያዝ በቤት ስንቀመጥ፥ በመንገድ ስንሄድ፥ ስንተኛና ስንነሣ እንድናደርገው ነው የነገረን (ዘዳ. 6፥7)። ለዚህ ትምህርት የተለየ ሰዓትም የተለየ አዳራሽም አልተመደበለትም። የልጅ ጥያቄ የሚመጣው ጫማ ስናስር ነው፤ መልሱም የሚፈለገው ያኔውኑ ነው።

ረቡዕ

ስለ ጾሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ጾሜን የምኮራበት ሰው ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እቆያለሁ። በመሥሪያ ቤት ሌሎች በስድስት ሰዓት ሽሯቸውን ሲበሉ እኔ ውኃ እንኳ አልቀምስም። ይህንንም፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፥ ሰው ሲያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ጌታችን ፊታቸውን ስለሚያጠወልጉ ጾመኞች የተናገረውን (ማቴ. 6፥16) ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ!

ረቡዕ የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ ቤት የደረስኩት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ራሴን ያዞረኛል። ባለቤቴ ገበታውን አቅርባ ነበር። ትንሹ ልጄ ድምፄን ሲሰማ ሊያቅፈኝ እየሮጠ መጣ፤ እግሩ ገበታውን ነካና የሽሮው ድስት ምንጣፉ ላይ ተገለበጠ። እኔም ጮኽኩበት። መጮኼ ሳይበቃ በኩርኩም መታሁት። ትልቋም «ሳያውቅ ነው እኮ!» ብትል እሷንም «አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አልኳት። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ ሽሮውን መጥረግ ጀመረች። ልጁ እያለቀሰ ተኛ። እኔ ደግሞ ጸሎቴን አድርሼ፥ ጾሜን እንዳልፈታሁ እርግጠኛ ሆኜ፥ በሰላም ተኛሁ።

ሐሙስ

በማግሥቱ ትንሽ ቀደም ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጃፍ ላይ ዕቃቃ ይጫወታሉ። በቆርቆሮ ጣሳ ወጥ ሠርተዋል፥ በቅጠል እንጀራ ጋግረዋል። አላዩኝም፤ እኔም አጥሩ ጥግ ቆም አልኩ።

ትልቋ እናት ሆናለች። ትንሹ ልጄ አባት ሆኗል። ፌስታል አንጠልጥሎ መጣና ግንባሩን ቋጥሮ «ዝም በሉ! ራሴን አትብሉኝ!» አለ። ልጄም ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ለጎረቤት ልጆች «እሽሽ... አባታችሁ ጾም ላይ ነው፥ እንዳታናግሩት» አለቻቸው። ከጎረቤት ልጆች አንዷ «እስከ መቼ?» ስትላት ልጄ ሳታመነታ መለሰች፦ «ፋሲካ ሲደርስ ይስቃል።»

ወገኖቼ፥ ከዚያች ቃል በኋላ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ልጆቼን ጾም ያስተማርኳቸው መስሎኝ ነበር። አዎ፥ አስተምሬያቸዋለሁ። በእነሱ ቤት ጾም ማለት አባት የሚቆጣበት ወራት ሆኗል። ቃሌን ሳይሆን ግንባሬን ነው ያነበቡት።

ያን ማታ የደብረ ዘይትን ወንጌል እንደገና ገልጬ አነበብኩት። እዚያ ላይ ከልባሙ ባሪያ ቀጥሎ ክፉው ባሪያ ይመጣል። ጌታዬ ይዘገያል ብሎ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ አንደኛ ባልንጀሮቹን ይመታል፥ ሁለተኛ ከሰካራሞች ጋር ይበላል ይጠጣል (ማቴ. 24፥48-49)። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የተጻፈው መምታቱ ነው፥ መብላት መጠጣቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። እኔ ሁለተኛውን ጠንቅቄ ጠብቄያለሁ። ሥጋም ቅቤም አልቀመስኩም። አንደኛውን ግን በጾሜ ወራት፥ በጾሜ ሰበብ አድርጌዋለሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ጾም ሲያስተምር አፍ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ጆሮም እጅም እንዲጾሙ የመከረው ለዚህ ነው። ከዶሮ ሥጋ ተከልክሎ የልጁን ልብ ለሚያቆስል ሰው ጾሙ ምን ይረባዋል?

ዓርብ

እንደምታውቁት በዐቢይ ጾም በሥራ ቀናት የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነው። ዓርብ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አግኝቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፥ እግዚአብሔር አደራ የሰጠህ ሆድህን ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ልጆቹንም ሰጥቶሃል። ሆድህን እስከ ማታ ትጠብቃለህ። ልጆቹን ማን ይጠብቅልህ? ከአቅምህ በላይ ሆኖ የሚያስቆጣህ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም። ሂድና መጀመሪያ ከትንሹ ታረቅ።»

ለእኔ ይህ ከባድ ነበር። ስግደት ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር። ለአምስት ዓመት ልጅ ይቅርታ መጠየቅ በእኛ አገር አባት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። «ይንቀኛል» እንላለን። ጌታችን ግን መባችንን ይዘን ስንመጣ ወንድማችን የተቀየመብን ነገር ትዝ ካለን መባውን ትተን አስቀድመን እንድንታረቅ ሲያዝ (ማቴ. 5፥23-24) ለወንድማችን ዕድሜ አልወሰነለትም።

ቅዳሜ

ጠዋት ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ «ረቡዕ ዕለት ስለመታሁህ አጥፍቻለሁ። ሊያቅፈኝ የመጣ ልጅ አይመታም። ይቅር በለኝ» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ኩርኩም የመታሁትን ራሱን እያሳየ «እዚህ ጋ ነው» አለ። ሳምኩት። ትልቋንም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የሰኞ ጥያቄዋን መለስኩላት። «ዶሮዋ አትጾምም፥ እኛ ግን ለጌታችን ፍቅር ብለን እንቁላሏን እንተውላታለን» ስላት «እንግዲህ እሷም ታርፋለች» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ትንሹ ልጅ ስስቅ ሲያየኝ ወደ እናቱ ዞሮ «እማዬ፥ ፋሲካ ደረሰ እንዴ?» አላት።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

እሑድ፦ ገብር ኄር

በማግሥቱ አራታችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የዕለቱ ወንጌል ስለ መክሊቱ ነበር (ማቴ. 25፥14-30)። ጌታው ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቶ ሄደ፤ ተመልሶም ተቆጣጠራቸው። ገብር ኄር ማለት በጎ ባሪያ ማለት ነው። ስብከቱን እየሰማሁ ትንሹ ልጄ በነጠላዬ ተጠቅልሎ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። አንዲት እናት ወንበር ለቀቁልኝና «ይተኛ፥ ቤቱ ነው» አሉኝ። መክሊቴ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቅዱስ ዳዊት ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ ይነግረናል (መዝ. 126፥3)። ስጦታ ከሆኑ፥ ሰጪው ሲመለስ ይጠይቃል። መክሊቱን መሬት የቀበረው ባሪያ ገንዘቡን አልሰረቀም፥ አላባከነም፤ ምንም አላደረገበትም እንጂ። ለልጆቻችን ምግብና የትምህርት ቤት ክፍያ ሰጥተን ራሳችንን የነፈግናቸው እንደሆነ ከዚህ ባሪያ በምን እንለያለን?

በቤታችን ምን እናድርግ?

ሀ. ከመግባታችን በፊት ደጃፍ ላይ ቆም እንበል። አማትበን፥ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ደግመን እንግባ። የውጪው ድካም ውጪ ይቅር።

ለ. ጾምን ለልጆች በልካቸው እናስረዳቸው። በእኛ ልማድ ልጆች ከሰባት ዓመት ጀምሮ ጾምን ይለማመዳሉ። ሰዓቱን እንደ አቅማቸው እናድርገው፤ የታመመ ልጅ ካለ ደግሞ ከንስሐ አባታችን ጋር እንመካከር።

ሐ. ከማዕዳችን የቀረውን ልጆች በገዛ እጃቸው ለተቸገረ ይስጡ። ነቢዩ ኢሳይያስ የሚናገርለት ጾም እንጀራን ለተራበ የሚቆርስ ጾም ነው (ኢሳ. 58፥7)። ልጅ በእጁ የሰጠውን አይረሳም።

መ. ማታ ላይ አጭር ጸሎት አብረን እናድርግ። ጻድቁ ኢዮብ ምናልባት ልጆቼ በድለው ይሆናል እያለ ማልዶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር (ኢዮ. 1፥5)። እኛ መሥዋዕት ባናቀርብ ስማቸውን ጠርተን መጸለይ አያቅተንም።

ሠ. ከበደልናቸው ፀሐይ ሳትገባ ይቅርታ እንጠይቃቸው (ኤፌ. 4፥26)። የሚንቁን ከመሰለን ተሳስተናል። ንስሐ እንዴት እንደሚገባ ከእኛ በቀር ከማን ያያሉ?

አንተ አባት፥ አንቺም እናት፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁ ዕቃቃ ሲጫወቱ ብታገኟቸው ትንሽ ቆም ብላችሁ ስሟቸው። አባት የሆነው ልጅ ምን እያለ ነው? እናት የሆነችውስ? የሰማችሁት ደስ ካሰኛችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑ። ካሳዘናችሁም አትሸሹ፤ ጾሙ ገና አላለቀም፥ ጌታውም ገና በደጅ ነው።

አምላካችን እግዚአብሔር ጾማችንን የፍቅርና የዕርቅ ጾም ያድርግልን። የሰጠንን አደራ ጠብቀን በበጎ ባሪያ ስም እንድንጠራ ይርዳን። ለብርሃነ ትንሣኤው ከነልጆቻችን በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።