ውድ ሮቦት መጥረጊያና መወልወያን በቤት ልክ የማነጻጸር አሠራር

ሮቦት መጥረጊያ በባትሪ ኃይል ወለል ላይ እየተንቀሳቀሰ አቧራና ጥራጊ በአየር ስቦ የሚሰበስብ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ተጨምሮለት የሚወለውል የቤት መሣሪያ ነው። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ትሪሎባይት የተባለውን፣ የአሜሪካው አይሮቦት ደግሞ በ2002 ሩምባን ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ዛሬ በውድ ደረጃ የሚመደቡት ሞዴሎች፣ ለምሳሌ የሮቦሮክ ሳሮስ 10አር እና የድሪሚ ኤክስ50 አልትራ፣ በአሜሪካ ገበያ ሲወጡ ከ1,500 ዶላር በላይ ተተምነዋል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ቤተሰብ ሞዴሎችን እርስ በርሳቸው ከማወዳደሩ በፊት እያንዳንዱን ከራሱ ወለል፣ ከራሱ ደፍና ከራሱ ምንጣፍ ጋር ማወዳደር ይኖርበታል፤ በአንዱ ቤት የተመሰገነ መሣሪያ በሌላው ቤት ደፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነውና።

ሥራው በሜትር ይጀመራል። በሶፋው፣ በአልጋው፣ በቡፌውና በቴሌቪዥን ማስቀመጫው ሥር ያለው ክፍተት ከወለሉ እስከ ታችኛው ጠርዝ ይለካና በወረቀት ይመዘገባል። ብዙዎቹ ሮቦቶች በጀርባቸው ላይ ጉብ ያለ ክብ ማማ ስለሚሸከሙ ቁመታቸው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ማማውን ያስቀሩት ወይም ወደ ውስጥ እንዲሰምጥ ያደረጉት ግን ዝቅ ይላሉ፤ የሳሮስ 10አር ቁመት ለምሳሌ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሶፋው ሥር 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይህ የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከማንኛውም የሞተር ኃይል ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሮቦቱ ያልገባበትን ቦታ የትኛውም ሞተር አያጸዳውም። ሶፋ ሰው ሲቀመጥበት ስለሚረግብ ከሮቦቱ ቁመት በላይ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ትርፍ መያዝ ይበጃል።

ቀጥሎ የየበሩ ደፍ ይለካል። ተራ ሞዴሎች 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደፍ ይወጣሉ፤ ኤክስ50 አልትራ ግን አካሉን የሚያነሱ እግሮች ስላሉት በሁለት እርከን የተሠራ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ደፍ እንደሚያልፍ አምራቹ ይገልጻል። እዚህ ላይ በሁለት እርከን የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያሻል፤ አንድ ወጥ ሆኖ ቀጥ ያለ ደፍ የሚፈቅደው ቁመት ከዚያ ያነሰ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ዝቅ ብሎ ከተሠራ ሮቦቱ ራሱን ከመውደቅ የሚጠብቅበት የጠርዝ መለያ ስላለው ላይገባበት ይችላል፤ ያ ክፍል በእጅ እንደሚወለወል አስቀድሞ ቢታሰብ ከብስጭት ያድናል። የምንጣፉ ጸጉር ርዝመትና ዳሩ ላይ ዘርፍ መኖር አለመኖሩ ይመዘገባል፣ ዘርፍ በብሩሽ ላይ ይጠመጠማልና። የቡና ሥነ ሥርዓት በሚካሄድበት ጥግ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከዘርፍ የባሰ ስለሆነ፣ ያ ቦታ በስልክ መተግበሪያው ካርታ ላይ የተከለከለ ክልል ተደርጎ የሚሰመርበትን ሞዴል መምረጥ ያስፈልጋል፤ በውድ ደረጃ ያሉት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያደርጋሉ።

ልኬቱ ካለቀ በኋላ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚታተመውን የፓስካል ቁጥር ማንበብ ይቻላል። ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው፤ በባሕር ወለል ደረጃ የአየሩ ግፊት 101,325 ፓስካል ስለሆነ 20,000 ፓስካል የሚል ሮቦት ከዚያ አንድ አምስተኛ የሚሆን የግፊት ልዩነት ይፈጥራል ማለት ነው። ሆኖም ይህ ከፍተኛ ቁጥር የሚገኘው የመሳቢያው አፍ ተዘግቶ አየር በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ሲሆን፣ ጥራጊን አንሥቶ የሚወስደው ደግሞ የሚንቀሳቀሰው አየር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ጽዳት የሚናገረው ጥቂት ነው። በሴራሚክ ወይም በፓርኬ ላይ ጥቂት ሺህ ፓስካል በቂ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ጸጉረ ረጅም ምንጣፍ ላይ ነው።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት ደግሞ ከአየሩ እፍጋት ጋር ስለሚወርድ፣ በዚያው ፍጥነት የሚሽከረከር የ20,000 ፓስካል ሞተር በአዲስ አበባ የሚሰጠው ወደ 15,000 ገደማ ይሆናል። ቅናሹ ሁሉንም ሞዴሎች በእኩል ስለሚነካ የእርስ በርስ ደረጃቸውን አያዛባም፤ ወፍራም ምንጣፍ ያለው ቤት ግን በልኩ ብቻ የሚበቃውን ትቶ ትርፍ ጉልበት ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከመሳቡ ይልቅ ረጅም ምርመራ የሚገባው መወልወሉ ነው፤ በውድ ሞዴሎች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚታየው እዚህ ነውና። የመወልወያው ዓይነት ሦስት ነው። አንደኛው ጠፍጣፋ ጨርቅ ሲሆን ወለሉን እየተንቀጠቀጠ ያሻል፤ በዚህ ዓይነት የታወቀው ሮቦሮክ ኤስ7 በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው እንደ ሳሕን ክብ የሆኑ ሁለት ጨርቆች ጎን ለጎን የሚሽከረከሩበት ነው። ሦስተኛው፣ ለምሳሌ በኢኮቫክስ ዲቦት ኤክስ8 ፕሮ ኦምኒ ላይ የሚገኘው፣ እንደ ቀለም መቀቢያ ሮለር የሚንከባለል ጨርቅ ሲሆን፣ እየተንከባለለ ሳለ ንጹሕ ውኃ ይረጭበታል፣ ቆሻሻው ውኃም በመፋቂያ ተጨምቆ ወደ ተለየ ገንዳ ይወርዳል።

የሦስቱ ልዩነት በኢትዮጵያ ወጥ ቤት ወለል ላይ ጎልቶ ይታያል። በርበሬና ዘይት የያዘ የወጥ ጠብታ በጠፍጣፋ ጨርቅ ሲታሽ ቅባቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ጨርቁም እስኪታጠብ ድረስ ያንኑ ቅባት ወደ ቀጣዩ ክፍል እየቀባ ይሄዳል፤ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው በሴራሚኩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ንብርብር ይታየዋል። ተሽከርካሪዎቹ ጨርቆች የደረቀን እድፍ በማላቀቅ ይበልጣሉ፤ ሮለሩ ደግሞ ራሱን በየቅጽበቱ ስለሚያጥብ ቅባትን በማሰራጨት ረገድ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራው ወጥ ቤትና መመገቢያ ክፍል ለሆነ ቤት ሮለሩ፣ ወለሉ በአብዛኛው ፓርኬ ወይም ላሚኔት ሆኖ አቧራ እንጂ ቅባት ለማይበዛበት ቤት ጠፍጣፋው ወይም ተሽከርካሪው ይመረጣል። ላሚኔት በመጋጠሚያው ውኃ ከገባበት ስለሚያብጥ የውኃውን መጠን በየክፍሉ ለይቶ መቀነስ የሚያስችል መተግበሪያ ግድ ይላል። ምንጣፍ ባለበት ቤት ጨርቁ ምን ያህል ከፍ እንደሚልም ይጠየቃል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ለአጭር ጸጉር ምንጣፍ ይበቃል፣ ለረጅም ግን ጨርቁን ማረፊያው ላይ አውልቆ ትቶ የሚሄድ ሞዴል የተሻለ ነው።

ውኃው ላይ የሚጨመረውን ፈሳሽ በተመለከተ አምራቹ የሚፈቅደውን ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አረፋው ስለሚበዛ ለእነዚህ መሣሪያዎች የተሠራ አይደለም፣ በረኪና ደግሞ የጎማ ክፍሎችን ይበላል።

ሮቦቱ የሚያይበት መንገድ ቀጣዩ መመዘኛ ነው። ላይዳር የሚባለው ዘዴ የሌዘር ጨረር ወደ ዙሪያው እየላከ ከሚመለሰው ርቀትን በማስላት የክፍሉን ካርታ የሚነድፍ ሲሆን፣ ጨለማ ውስጥም ይሠራል፤ ከላይ የተጠቀሰው ማማ የሚሸከመው እሱን ነው። ላይዳር ግድግዳንና የወንበር እግርን እንጂ ወለል ላይ የወደቀ የስልክ ገመድ ወይም የሕፃን ካልሲ ስለማይለይ፣ ውድ ሞዴሎች ከፊት ለፊታቸው ካሜራ ይጨምራሉ። ካሜራው ጠቃሚ ቢሆንም ቤት ውስጥ የሚዞር ዓይን ነው፤ ሥዕሉ በመሣሪያው ላይ ይቀር ወይም ወደ አምራቹ ኮምፒውተር ይላክ እንደሆነ፣ የርቀት ማያው ሊዘጋ ይችል እንደሆነ ከመግዛት በፊት መጠየቅ አለበት፤ ለማንም ቤተሰብ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዶክ ወደሚባለው ማረፊያ ይታለፋል። ዶክ ሮቦቱ ባትሪውን የሚሞላበት፣ አቧራውን ወደ ከረጢት የሚያራግፍበት፣ ጨርቁን የሚያጥብበትና የሚያደርቅበት ሣጥን ነው። ጨርቁን በሙቅ ውኃ፣ በአንዳንዶቹም እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ማጠቡ ቅባትን ያሟሟል፤ በሞቀ አየር ማድረቁ ደግሞ የሻጋታ ሽታን ይከለክላል። በሁለቱ መካከል መምረጥ ግድ ከሆነ ማድረቁ ይቅደም፤ ሳይደርቅ ያደረ ጨርቅ በማግሥቱ ወለሉን የሚቀባው ሽታውን ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ማድረቁ መሃል ላይ ስለሚቋረጥ ጨርቁ በቀላሉ የሚወልቅ፣ አውጥቶም ፀሐይ ላይ ለማስጣት የሚመች መሆኑ ይታያል። ከቧንቧ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ዶኮች አሉ፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ግን በእጅ የሚሞላ ገንዳ ያለው ይሻላል።

ዕቃው ከውጭ በሻንጣ ለሚመጣለት ቤተሰብ ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚፈጸመው በዚሁ ዶክ ላይ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ዶክ በአብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል፤ ውኃ ሲያሞቅም ብዙ ኃይል ስለሚስብ ትንሽ ትራንስፎርመር አይሸከመውም። ከዱባይ የሚገዛው በቮልቱ ከአገር ቤቱ ጋር ስለሚቀራረብ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫና ከኃይል መዋዠቅ የሚጠብቅ ስታብላይዘር ነው። ያም ሆነ ይህ ወሳኙ ከዶኩ ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ ነው፤ ላኪው ከመክፈሉ በፊት ፎቶ አንሥቶ ቢልክ ነገሩ ይገለጣል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ የባትሪው ቮልትና አምፔር ሰዓት ይባዛል፤ 14.4 ቮልትና 6.4 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 92 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ከወሰኑም በታች ነው።

የከረጢት፣ የማጣሪያ፣ የብሩሽና የጨርቅ ዋጋ ለሦስት ዓመት ተሰልቶ በመሣሪያው ዋጋ ላይ ይደመራል፤ በደረቁ ወራት ከረጢቱ አምራቹ ከሚለው ቀን ቀድሞ እንደሚሞላ መገመትም ተገቢ ነው። የኩባንያው ዕድሜም የዋጋው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ላይዳርን ወደ ቤት መጥረጊያ ያስገባው ኒያቶ በ2023 ሥራውን አቁሟል፤ ሩምባን የሠራው አይሮቦት ራሱ በዲሴምበር 2025 የኪሳራ ጥበቃ ለማግኘት ለፍርድ ቤት አመልክቷል። ስለዚህ በይነመረብ ሲቋረጥ ወይም የአምራቹ አገልግሎት ሲዘጋ መሣሪያው በአካሉ ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ ምን ያህል እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ወይም ሦስት ሞዴሎች ከተለዩ በኋላ የመጨረሻው ፈተና፣ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ፣ በቤት ውስጥ ይደረጋል። 20 ግራም ጤፍ በወጥ ቤት ሚዛን ተመዝኖ በሦስት ስፍራ ይበተናል፦ መሃል ወለል ላይ፣ ግድግዳ ሥርና በሴራሚኩ መጋጠሚያ ቦዮች ውስጥ። ጤፍ ለዚህ ፈተና የተመቸው ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ፣ ክብና ተንከባላይ ስለሆነ ነው፤ የጎን ብሩሹ በፍጥነት የሚሽከረከር ሮቦት ቅንጣቶቹን ከአፉ ፊት ወደ ክፍሉ ዳር ሲበትናቸው በዓይን ይታያል፣ ጥግ ሲደርስ ብሩሹን የሚያዘገይ ሞዴል ግን ይሰበስባቸዋል። ዶኩ አቧራውን እንዳይወስድ ማራገፊያው በመተግበሪያው ይዘጋና የሮቦቱ ትንሽ ሣጥን ከሥራው በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ ከ20 ግራም የጎደለው ወለሉ ላይ የቀረው ነው።

ለመወልወያው ደግሞ አንድ ማንኪያ ቡናና አንድ ማንኪያ ቀጭን ሽሮ በሴራሚክ ላይ ፈሶ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይተዋል። ሮቦቱ ሁለት ጊዜ ካለፈበት በኋላ ቦታው በነጭ ሶፍት ይታሻል፤ ሶፍቱ ላይ የሚቀረው ቀለም በየሞዴሉ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይነጻጸራል። ከእድፉ አንድ ሜትር ርቆ ያለው ንጹሕ ወለልም በሌላ ሶፍት ይታሻል፣ ቅባቱ የተጎተተ ከሆነ የሚገኘው እዚያ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጨርቁ ከዶኩ ወጥቶ በእጅ ይዳሰሳል፣ ይሸተታልም፤ ርጥበት ካለው ወይም የሽሮው ሽታ ካልለቀቀው ያ ሞዴል ከነማሸጊያው ወደ ሻጩ ይመለሳል።