በብረት ውስጥ ያለውን መስክ እንዴት እንለካለን?

መስኩ «የተሰጠ» አይደለም

ቻርጅ ያለው ቅንጣት መግነጢሳዊ መስክ ሲያቋርጥ መንገዱ ይጎብጣል። ሞመንተሙ ትልቅ ከሆነ በጥቂቱ፣ ትንሽ ከሆነ በብዙ። ቀመሩ አጭር ነው፦ ሞመንተም በጊጋኤሌክትሮንቮልት = 0.3 × መስኩ በቴስላ × የክቡ ሬዲየስ በሜትር። ተማሪዎች ቀመሩን ሲሸመድዱ ዓይናቸው ሬዲየሱ ላይ ይቀራል፤ መስኩ ሁልጊዜ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ፈተና ላይ እውነትም የተሰጠ ነው።

ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ውስጥ ግን የሚሰጥ የለም። ሲኤምኤስ የተባለውን መመርመሪያ እንውሰድ፤ ፈረንሳይ ውስጥ፣ በሴሲ መንደር ሥር 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይገኛል። እምብርቱ 12.5 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር የውስጥ ዲያሜትር ያለው የሱፐርኮንዳክተር ጥቅል ሲሆን የሚሠራው በ3.8 ቴስላ ነው። 100 ጊጋኤሌክትሮንቮልት ያለው፣ ሙዮን የተባለ ቻርጅ ያለው ቅንጣት እዚያ ውስጥ የሚከተለው ክብ 88 ሜትር ያህል ሬዲየስ አለው። 1.1 ሜትር በሚያህል መንገድ ላይ መሐሉ ከቀጥታ መስመር የሚርቀው 1.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መስኩን ከሺህ አንድ ከሳትን፣ ሞመንተሙንም ከሺህ አንድ እንስታለን።

ባዶው ቦታ

በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ መለካት ቀላሉ ክፍል ነው። በ2006 መመርመሪያው ገና ከመሬት በላይ ሳለ ፌርሚላብ በተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራ ማሽን ጥቅሉ ውስጥ ገባ። 10 የሆል ሴንሰሮች ተሸክሞ 7 ሜትር በሚረዝም ሲሊንደር ውስጥ 33,840 ነጥቦችን ለካ። የሆል ሴንሰር ቀጭን ሳህን ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት መስኩ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ጎን ይገፋቸዋል፣ በግራና በቀኟ የሚፈጠረው ቮልቴጅም የመስኩን ጥንካሬ ይነግረናል።

ብረቱ ጋ ስንደርስ

ከጥቅሉ የወጣው መስክ የሚመለሰው በዙሪያው ባለ 12,000 ቶን ብረት በኩል ነው። ጠጣር ብረት ውስጥ ሴንሰር ማስገባት አይቻልም። ታዲያ ምን ተደረገ? በተመረጡ የብረቱ ክፍሎች ዙሪያ እያንዳንዳቸው 405 ዙር ያላቸው 22 ጥቅል ሽቦዎች ተጠመጠሙ። ነገር ግን ፋራዴይ እንዳስተማረን ሽቦ የሚሰማው ለውጥን እንጂ የቆመን መስክ አይደለም። ስለዚህ ማግኔቱ እንዲጠፋ ተደረገ! ኤሌክትሪኩ 190 ሰከንድ በሆነ የጊዜ ቋሚ እየቀነሰ ሲሄድ ሽቦዎቹ ላይ የታየው ቮልቴጅ ከሰከንድ ሰከንድ ተመዘገበ። ድምሩ መጀመሪያ ላይ የነበረውን መስክ ይሰጣል፤ ስህተቱ ጥቂት በመቶ ነው። ከዚህ ሙከራ የበለጠ የሚያምር የፋራዴይ ሕግ ማስተማሪያ አላውቅም።

ሞዴሉ የት ሳተ?

22 ቦታ ግን 12,000 ቶንን አይሸፍንም። የቀረው ቶስካ በተባለ ሶፍትዌር ተሰላ። በ2008 ከሰማይ የሚወርዱ የኮስሚክ ሙዮኖች ስሌቱን ፈተኑት። የሙዮኑ ሞመንተም የቅንጣቶችን መንገድ ከሚመዘግበው፣ በጥቅሉ ውስጥ ካለው መከታተያ ይታወቃል፤ ብረቱን ሲያልፍ ምን ያህል መጉበጥ እንዳለበትም ከሞዴሉ ይሰላል። የታየው ጉብጠት ከተሰላው አነሰ። ሞዴሉ የብረቱን መስክ አጋንኖት ነበር።

አንዱ ምክንያት ፊዚክስ እንኳ አይደለም ማለት ይቻላል፦ ሞዴሉ የታጠረበት ቦታ ጠባብ ስለነበር፣ ወደ ውጭ መበተን የነበረባቸው የመስክ መስመሮች ተመልሰው ብረቱ ውስጥ ታጨቁ። አጥሩ ሲሰፋና እርማት ሲደረግ፣ በብረቱ ውስጥ ያለው መስክ እንደየቦታው ከ3 እስከ 8 በመቶ በሆነ ትክክለኛነት ታወቀ። ስሌት ሲሰጣችሁ መልሱን ከማየታችሁ በፊት ወሰኑ የት እንደተሰመረ ጠይቁ።

መከታተያው ከገባ በኋላ

መከታተያው ቦታውን ከያዘ ወዲህ የመለኪያው ማሽን ሊገባ አይችልም። የቀረውን ጥቃቅን ስህተት የሚያርሙት ቅንጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ጄ-ፕሳይ የተባለው ቅንጣት ግዝፈቱ በኃይል መለኪያ 3.097 ጊጋኤሌክትሮንቮልት መሆኑ ይታወቃል፤ ወደ ሁለት ሙዮን ሲሰበር ከሙዮኖቹ ተሰልቶ የሚገኘው ግዝፈት ከዚህ ካፈነገጠ፣ መስኩን ወይም የመከታተያውን አሰላለፍ እንጠረጥራለን። ሲኤምኤስ በ2024 ደብልዩ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ግዝፈት 80,360.2 ሜጋኤሌክትሮንቮልት፣ ስህተቱንም 9.9 ብሎ ሲያሳውቅ የሙዮኖቹ መለኪያ የተስተካከለው በዚሁ በጄ-ፕሳይ ነበር።