በኮከቡ ደጃፍ የሚዞር ዓለም

ሰው ያላየውን ነገር በሚያውቀው መጠን ይገምታል። ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ግምታችንን እንደ ሕግ ስንቆጥረው ግን በፊታችን ያለውን እንኳ እንዳናይ ዓይናችንን ይጋርደዋል። ለዚህም በዛሬው ትምህርታችን አንድ ምሳሌ ከሰማይ እንወስዳለን።

በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ትናንሾቹና ዓለታማዎቹ ፕላኔቶች ለፀሐይ ቀርበው፣ እንደ ጁፒተር ያሉት ግዙፎች ደግሞ ርቀው ይዞራሉ። ጁፒተር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 12 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህም ብዙ ሊቃውንት በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ያለው ሥርዓት ይህንኑ የሚመስል አድርገው ያስቡ ነበር። ኦቶ ስትሩቭ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ግዙፍ ፕላኔት ለኮከቡ እጅግ ቀርቦ ሊዞር እንደሚችል ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ብዙ ጆሮ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ የስዊዘርላንድ ሊቃውንት በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው በኦት ፕሮቫንስ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ መረመሩ። ይህም ኮከብ ፀሐይን የሚመስልና ከእኛ 50 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ነው። ብርሃኑን ሲለኩ ኮከቡ በየ4 ቀን ከሩብ ገደማ ወደ እኛ ጥቂት ቀረብ፣ መልሶም ራቅ እንደሚል አስተዋሉ። በስበቱ የሚያወዛውዘው ፕላኔት ነበር፤ የዚያ ዓለም አንድ ዓመት ከእኛ አንድ ሳምንት ያንሳል ማለት ነው። ክብደቱ ከጁፒተር ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ከኮከቡ ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ሃያ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሙቀቱም ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገመታል። ሁለቱ ሊቃውንት ስለዚህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2019 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። አንደኛው የተለካው ነው፤ ይኸውም የኮከቡ መወዛወዝና የዙረቱ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከተለካው ተነሥተን በማሰብ የምንደርስበት ነው፤ ፕላኔቱ አንድ ፊቱን ብቻ ሁልጊዜ ወደ ኮከቡ አዙሮ እንደሚኖር፣ ደግሞም በሩቅ ተፈጥሮ በኋላ ወደ ኮከቡ እንደ ተጠጋ የሚታመነው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው የምናቡ ክፍል ነው፤ በመጻሕፍት የምናየው እንደ ፍም የቀላ ሉል የሠዓሊ እጅ ሥራ እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ልብ ይበሉ። ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ አድርገን ለልጆች ብናሳይ፣ አንድ ቀን እውነቱን ሲደርሱበት የተለካውንም ጭምር ይጠራጠራሉ። «ይህ ተለክቷል፤ ይህ ይታሰባል፤ ይህ ተሥሏል» ብሎ ለይቶ የሚናገር መምህር ግን የተማሪዎቹን እምነት አያጣም።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን የምናውቀውን ብቻ ለሁሉ መለኪያ ያደረግንበት ጊዜ ነበርን? ከዚያስ ምን ተማርን?